ነዳጅ የሚያፈስ አሮጌ የናፍጣ ሞተር፦ ቀዳዳውን በግማሽ በግማሽ ማደን

የዛሬው ጽሑፍ ስለ ፎንትም ስለ ኪቦርድም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1983 ስለተሠራች አንዲት መርሴዲስ 300 ዲ እና ሁለት ሳምንት እንቅልፍ ስለነሳኝ አንድ ክንድ የማይሞላ የጎማ ቱቦ ነው። እዚህ ገጽ ላይ ለምን አመጣኸው ለምትሉኝ፣ ስህተት ፍለጋን ካነበብኳቸው የፕሮግራሚንግ መጻሕፍት ሁሉ በላይ ያስተማረችኝ ይህች መኪና ስለሆነች ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መኪናዋ የእኔ አይደለችም። ከሲያትል በስተ ሰሜን፣ 145ኛውን ጎዳና እንደተሻገራችሁ በምትጀምረው በሾርላይን ከተማ፣ እኔ በምኖርበት ሕንጻ ውስጥ አንድ አዛውንት አሉ። ሁላችንም ጋሼ ነው የምንላቸው። በወጣትነታቸው ሶማሌ ተራ መለዋወጫ ሲሸጡ፣ በኋላም ጋራዥ ሲሠሩ ኖረው ነው ወደዚህ የመጡት። ዛሬ እጃቸው ይንቀጠቀጣል፣ ዓይናቸውም ደክሟል። ጆሯቸው ግን ሞተር ሲሰማ እንደ ድሮው ነው።

ባለፈው ጥቅምት የሕንጻው አስተዳዳሪ በራቸው ላይ ወረቀት ለጠፈ። መኪናዋ ግቢ ውስጥ ናፍጣ እያፈሰሰች ስለሆነ በ14 ቀን ውስጥ ካልተሠራች ትነሳ ይላል። ጋሼ ወረቀቱን ይዘው መጡና፣ «ልጄ፣ አንተ ኮምፒውተር ታበጃጅ የለም? እኔ እነግርሃለሁ፣ አንተ ትፈታለህ» አሉኝ። ኮምፒውተርና ሞተር አይገናኙም ልላቸው ነበር። ግን ጋራዥ ጠይቀን የተነገረን ዋጋ መኪናዋ ብትሸጥ ከምታወጣው ይበልጥ ነበር። «እሺ ጋሼ፣ ይንገሩኝ» አልኳቸው።

የአስተዳዳሪው ቅሬታ ከመሬት የተነሳ አልነበረም። እዚህ ዝናብ ሲጥል መንገድ ዳር ባለው ፍርግርግ የሚገባው ውኃ ወደ ማጣሪያ ጣቢያ አይሄድም። ከሾርላይን ምዕራባዊ ክፍል በቦይንግ ክሪክ አድርጎ ፑጀት ሳውንድ ይገባል፤ ከምሥራቁ ደግሞ በቶርንተንና በማክአሊር ወንዞች በኩል ሌክ ዋሽንግተን ይደርሳል። አስፋልቱ ላይ ያየነው የቀስተ ደመና ቀለም ያለው ስስ ንጣፍ ሳልሞን ወደሚራባበት ውኃ ነበር የሚሄደው።

አሁን ወደ ሞተሩ እንግባ። ኦኤም 617 ይባላል። 5 ሲሊንደር፣ 3 ሊትር፣ ቱርቦ ያለው። ኮምፒውተር አንሰክቶ የስህተት ኮድ ማንበብ የለም፤ ያላችሁ ዓይን፣ አፍንጫና ጆሮ ነው። የነዳጁ መንገድ ግን ለማንበብ ቀላል ነው። ታንከሩ ከኋላ ወንበር ጀርባ ነው። ከዚያ ነዳጁ በመኪናዋ ሆድ ሥር በተዘረጋ የብረት ቱቦ ወደ ፊት ይመጣል፣ በአጭር የጎማ ቱቦ አልፎ ውስጡ የሚታይ ትንሽ የፕላስቲክ ፊልትሮ ውስጥ ይገባል። ቀጥሎ ነዳጁን ከታንከር የሚስበው ትንሽ ፓምፕ አለ (እዚህ ሳቢ ፓምፕ እለዋለሁ)፤ ይህም በትልቁ ኢንጀክሽን ፓምፕ ጎን ላይ ተጣብቋል። ሳቢው ነዳጁን ወደ ትልቁ ፊልትሮ ይገፋል፣ ከፊልትሮው ወደ ኢንጀክሽን ፓምፑ ይገባል፣ ከዚያ በ5 ቀጫጭን የብረት ቱቦዎች ወደ 5ቱ ኢንጀክተሮች ይሄዳል። ከኢንጀክተሮቹ የተረፈው በትናንሽ የጨርቅ ሽፋን ባላቸው ቱቦዎች ተሰብስቦ ወደ ታንከሩ ይመለሳል።

ቁልፉ ነገር በዚህ መንገድ ላይ ግፊቱ አንድ ዓይነት አለመሆኑ ነው። ከታንከር እስከ ሳቢ ፓምፕ ያለው ክፍል ይመጠጣል፤ ሞተሩ ሲሠራ በውስጡ ያለው ግፊት ከውጭው አየር ያነሰ ነው። ከሳቢው እስከ ኢንጀክሽን ፓምፑ ያለው ይገፋል፣ ያውም በለስላሳ ግፊት፣ 1 ባር ገደማ። ከኢንጀክሽን ፓምፕ እስከ ኢንጀክተር ያለው ከ100 ባር በላይ ነው። መመለሻው ግፊት የለውም ማለት ይቻላል። ቀዳዳው በየትኛው ክፍል ላይ እንዳለ የሚወስነው ምልክቱ ምን እንደሚመስል ነው። በሚገፋው ክፍል ላይ ያለ ቀዳዳ ነዳጅ ያስወጣል። በሚመጠጠው ክፍል ላይ ያለ ቀዳዳ ግን ሞተሩ ሲሠራ ጠብታ አያሳይም፤ አየር ነው የሚያስገባው። እኔ ይህን ሳልረዳ ነው የጀመርኩት።

በመጀመሪያው ቀን ኮፈኑን ከፍቼ ያየሁት ሞተሩ ከላይ እስከ ታች የረጠበ መሆኑን ነው። የመመለሻዎቹ ቱቦዎች የጨርቅ ሽፋናቸው ጠቁሮ ናፍጣ ያልብ ነበር። «ተገኘ!» አልኩ። ጋሼ ምንም አላሉም። ውስጣዊ ስፋቱ 3.2 ሚሊሜትር የሆነ ቱቦ ገዝቼ፣ በየልኩ ቆርጬ፣ አምስቱም ኢንጀክተሮች ላይ ቀየርኩ። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ሥራ ነው። አንድ ምክር ብቻ፦ አሮጌውን ቱቦ በካቻቢቴ እየፈነቀላችሁ አታውጡ፣ የኢንጀክተሩን አፍንጫ ትጭሩታላችሁ፤ በምላጭ በርዝመቱ ሰንጥቁትና ይላጣል። በመጨረሻው ኢንጀክተር ጫፍ ላይ ያለችውን የጎማ ክዳን አትርሱ፤ እሷም ታፈሳለች።

ሽታው ጠፋ። ላዩም ደረቀ። በማግስቱ ጠዋት ግን መኪናዋ ተነሳችና ከጥቂት ሰከንድ በኋላ ተንገዳግዳ ጠፋች። ጋሼ ይህ ከወር በፊት ጀምሮ የነበረ መሆኑን ያኔ ነገሩኝ። ቱቦዎቹ በእርግጥም የተበላሹ ነበሩ፤ እኔ ያላሰብኩት ሁለት ስህተት በአንድ ጊዜ ሊኖር መቻሉን ነው። ኮድ የምትጽፉ ይህን ታውቁታላችሁ፦ አንዱን ባግ ዘግታችሁ ቲኬቱን ስትዘጉ ሌላው ከሥሩ ቁጭ ብሎ ይጠብቃችኋል።

«እንግዲህ ማጠብ ነው» አሉ ጋሼ። ይህን እርምጃ አትዝለሉት። በረጠበ ሞተር ላይ የሚፈሰውን ቦታ መፈለግ ሎጉ በቆሻሻ በተሞላ ሰርቨር ላይ ስህተት እንደመፈለግ ነው፤ ናፍጣ በብረት ላይ ተንሸራትቶ ከሚወጣበት ርቆ ነው የሚንጠባጠበው፤ ሞተሩ ሲሠራ ደግሞ የማቀዝቀዣው አየር ወደ ኋላ ይነፋዋል። ሞተሩ ከቀዘቀዘ በኋላ በዘይት ማጽጃና በብሩሽ አጠብነው። በጋለ ኢንጀክሽን ፓምፕ ላይ ቀዝቃዛ ውኃ በጭራሽ አትርጩ፤ በውስጡ ያሉት ክፍሎች የተገጠሙት እጅግ በጠበቀ ልክ ስለሆነ ውጩ ድንገት ሲኮማተር ፓምፑ ሊነክስ ይችላል። ከደረቀ በኋላ የሕፃናት ፓውደር ነሰነስንበት። ፓውደር ናፍጣ ሲነካው ወዲያው ይጠቁራል፣ መነሻውም ይታያል። ከመኪናዋ ሥርም ትልቅ ካርቶን ዘረጋን፤ የጎማዎቹን ቦታ በእስክርቢቶ ምልክት አደረግኩበት፣ ጠብታው ከሞተሩ የትኛው ክፍል በታች እንደወደቀ ለማወቅ።

ቀጥሎ የሠራሁት የልማድ ሥራዬን ነው፦ ሠንጠረዥ። በየጠዋቱ አራት ነገር ጻፍኩ፦ መኪናዋ አፍንጫዋ ወደ ዳገት ነው ወይስ ወደ ቁልቁለት የቆመችው፣ ታንከሩ ምን ያህል ሞልቷል፣ እንዴት ተነሳች፣ ካርቶኑ ላይ ስንት ጠብታ አለ። ጋሼ ሳቁብኝ። «መኪና በወረቀት ይድናል እንዴ?» በ6ኛው ቀን ግን ሠንጠረዡ ተናገረ። አፍንጫዋ ወደ ዳገት ስትቆም ካርቶኑ ደረቅ ነው፣ መኪናዋ ግን ተነስታ ትጠፋለች። አፍንጫዋ ወደ ቁልቁለት ስትቆም፣ በተለይ ታንከሩ ሲሞላ፣ አንድ ጊዜ ትነሳለች፣ ካርቶኑ ላይ ግን በግራ ጎማ አጠገብ ጠብታ አለ። በተገለባበጠ ምልክት የሚታይ አንድ ቀዳዳ!

ምክንያቱ እንዲህ ነው። አፍንጫዋ ወደ ታች ሲሆን በታንከሩ ያለው ናፍጣ ከሞተሩ ከፍ ብሎ ይቀመጣል፤ በክብደቱ ቱቦውን ስለሚገፋ በቀዳዳው ወደ ውጭ ይንጠባጠባል፣ ቱቦው ግን ሁሌ ሙሉ ነው። አፍንጫዋ ወደ ላይ ሲሆን ሞተሩ ከታንከሩ በላይ ይሆናል። በቀዳዳው አየር ይገባል፣ ናፍጣውም ሌሊቱን ሙሉ ቀስ እያለ ወደ ታንከሩ ይመለሳል። ጠዋት ሞተሩ የሚነሳው በትልቁ ፊልትሮና በፓምፑ ውስጥ በቀረችው ነዳጅ ነው፤ እሷ ስታልቅ የሚመጣው አየር ነው፣ ይጠፋል። እነዚህ ሁለት ምልክቶች አብረው የሚሄዱት ቀዳዳው ከሳቢ ፓምፑ በፊት ሲሆን ብቻ ነው። ከሳቢው በኋላ ቢሆን ኖሮ ሞተሩ በሚሠራበት ጊዜ ያለማቋረጥ በረጠበ ነበር።

ፍለጋውን ወደ አንድ ክፍል አጠበብነው ማለት ነው። በጊት የምትሠሩ ባይሴክት የሚባለውን ትእዛዝ ታውቁታላችሁ፦ በሚሠራው ስሪትና በተበላሸው ስሪት መካከል ያለውን በግማሽ ከፍሎ መፈተን። እዚህም ያው ነው።

መጀመሪያ ከሳቢው በፊት ባለው መግቢያ ላይ ውስጡ የሚታይ የፕላስቲክ ቱቦ ቁራጭ ገጠምኩ። ሞተሩን በሚኒሞ አሠርተን በስልኬ በዝግታ ቪዲዮ ቀረጽኩት። በዓይን አንድ ወጥ የሚመስለው ናፍጣ ውስጥ እንደ ዶቃ የተሰካካ የአየር አረፋ ይሮጣል። (ይህን ቱቦ ለፈተና ብቻ ተጠቀሙበት። ተራ ፕላስቲክ በናፍጣ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃልም፤ ሌላ ቀዳዳ ትሠራላችሁ።)

ሁለተኛ፣ መኪናዋን ከታንከሯ ለየናት። ንጹሕ ጀሪካን ውስጥ ናፍጣ ሞልቼ አዲስ ቱቦ ከጀሪካኑ በቀጥታ ወደ ሳቢው አስገባሁ። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀምጡት፤ ከፍ ካደረጋችሁት ነዳጁ በራሱ ክብደት ይወርዳል፣ ሳቢው መምጠጥ አይጠበቅበትም፣ ፈተናውም ዋጋ ያጣል። የሚመለሰው ናፍጣ ወደ መኪናዋ ታንከር ስለሚሄድ ጀሪካኑ ቶሎ ይጎድላል፣ አትደንግጡ። አረፋው ጠፋ። ሞተሩም አልተንገዳገደም። እንግዲህ ሳቢው፣ በላዩ ላይ ያለው የእጅ ፓምፕና ከእነሱ በኋላ ያለው ሁሉ ነጻ ነው። ይህ ለእኔ ትልቅ እፎይታ ነበር፤ የእጅ ፓምፑን ጠርጥሬ ልገዛ ትንሽ ነበር የቀረኝ። በእነዚህ መኪናዎች ላይ ነጭ ጭንቅላት ያለው የሚጠመዘዝ የድሮ እጅ ፓምፕ ካለ ጥርጣሬው ትክክል ነው፣ በእርጅና አየር ማስገባቱ የታወቀ ነው፤ የሚቀየረውም በጥቁሩ የሚጫን ዓይነት ነው። የጋሼ መኪና ግን ቀድሞ ተቀይሮላት ኖሯል።

ሦስተኛ፣ የቀረውን እንደገና በግማሽ። ጀሪካኑን አንስቼ፣ በመኪናዋ ሆድ ሥር ከመጣው የብረት ቱቦ ጫፍ ወደ ሳቢው በአዲስ ቱቦ አገናኘሁ፤ አሮጌዋን የጎማ ቱቦና ትንሿን ፊልትሮ ዘለልኳቸው። አረፋ የለም። ታንከሩና ረጅሙ የብረት ቱቦ ነጻ ወጡ። ትንሿን ፊልትሮ መለስኩ። አሁንም የለም። የቀረችው ያቺ አጭር የጎማ ቱቦ ናት።

አውጥቼ ስመለከታት ደህና ትመስላለች። በምላጭ በርዝመቷ ሰነጠቅናት። በፋሼታው ሥር፣ በጨርቁ ሽፋን ተሸፍኖ፣ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ስንጥቅ አለ። ጋሼ በጣታቸው ጎማውን አጠፉት፤ እንደ ደረቀ እንጀራ ነው የተሰበረው። «ይኸው ሌባው» አሉ።

ለምን እንደተሰነጠቀች ማወቅ ይጠቅማል፣ አዲሱ ቱቦ ያው ዕጣ እንዳይደርሰው። አንዱ ዕድሜ ነው፣ ሌላው ከልክ በላይ የጠበቀ ፋሼታ ነው። ሦስተኛው ነዳጁ ራሱ ነው። አሜሪካ ውስጥ የመንገድ መኪናዎች ናፍጣ የሰልፈር መጠን ከ2006 ጀምሮ ከ500 ወደ 15 ክፍል በሚሊዮን ወርዷል። ለሳንባችን መልካም ነው። ግን ሰልፈሩን የሚያወጣው ማጣራት አሮማቲክ የሚባሉትን ውሁዶችም ይቀንሳል፤ የድሮ ናይትራይል ጎማ ደግሞ እነሱን ጠጥቶ አብጦ ነበር ቦታውን ሞልቶ የሚኖረው። ሲያጣቸው ይኮማተራል፣ ለዓመታት ደርቆ የኖረ ኦሪንግ ማልቀስ ይጀምራል። ባዮዲዝል በተቃራኒው ያንኑ ጎማ ያለሰልሰዋል፣ ያብጠዋል። እነዚህ መኪናዎች በሲያትል አካባቢ የተወደዱት በባዮዲዝል ስለሚሄዱ ነው፣ ጋሼም ለዓመታት ሲሞሉ ኖረዋል። ሁለቱንም የሚችለው ኤፍኬኤም ወይም ቫይተን የሚባለው ጎማ ነው። ቱቦ ስትገዙ ጎኑ ላይ የታተመውን አንብቡ፦ 30አር7 የሚለው ተራው ነው፣ 30አር9 የሚለው ውስጡ በኤፍኬኤም የተለበጠ ነው። የዋጋው ልዩነት ከአንድ ምሳ አይበልጥም። አዲሷን ቱቦ ገጥሜ ፋሼታውን ያጠበቅሁት ጎማው ከዳሩ ሳይጨመቅ እስኪይዝ ብቻ ነው። ከዚያ በእጅ ፓምፑ አየሩን አስወጥተን አስነሳናት።

ያልደረሰብን ግን እናንተ ላይ ሊደርስ የሚችል ነገር ልጨምር። እርጥበቱ ከኢንጀክሽን ፓምፑ አናት ላይ፣ ቀጫጭኖቹ የብረት ቱቦዎች ከሚነሱበት ሥር ከሆነ፣ የዚያ ቦታ ኦሪንግና የብረት ማኅተም ነው የደከመው። ልዩ መፍቻና የኃይል መለኪያ ያለው ቁልፍ ይጠይቃል፤ በግምት የሚጠበቅ አይደለም፣ ካልቻላችሁ ለባለሙያ ስጡት። በዳዶዎቹ ላይ ከሆነ በኃይል ከማጥበቅ በፊት ፈትታችሁ የሚገናኙበትን ጫፍ አጽዱ፤ አንዲት አሸዋ ናት ብዙ ጊዜ የምታስፈስሰው። እና እባካችሁ፣ ሞተሩ እየሠራ የግፊት ቱቦን በጣት አትዳስሱ። ከ1,000 ባር በሚበልጥ ግፊት የሚሠሩ ዘመናዊ ሞተሮች ላይ የማይታይ የናፍጣ ክር ቆዳ በስቶ ይገባል፤ ቁስሉ መርፌ የወጋው ይመስላል፣ ግን ጣት የሚያስቆርጥ የሆስፒታል ድንገተኛ ጉዳይ ነው። ካርቶን አስጠጉ፣ ካርቶኑ ይረጥባል።

አንድ ደግሞ የትም የማይታይ መፍሰስ አለ። የዚህ ሞተር ኢንጀክሽን ፓምፕ የሚለሰልሰው በሞተሩ ዘይት ነው፤ በውስጡ ያለ ማኅተም ከደከመ ናፍጣው ወደ ዘይቱ ይገባል። ካርቶኑ ደረቅ ሆኖ የዘይቱ ልክ በየሳምንቱ ከፍ የሚል ከሆነ፣ ዘንጓም ናፍጣ የምትሸት ከሆነ፣ መኪናዋን አታንቀሳቅሱ።

አዲስ አበባ ላላችሁ ደግሞ፣ የድሮዎቹ የቶዮታ ሃይኤስ ሚኒባሶች ፓምፕ ከዚህ የተለየ ነው፤ የሚለሰልሰው በራሱ በናፍጣው ስለሆነ አየር ሲገባበት ማስነሳት መቸገር ብቻ ሳይሆን ፓምፑም ይበላል። በእነሱ ላይ መጀመሪያ የምመለከተው በፊልትሮው አናት ላይ ያለውን የእጅ ፓምፕ ነው፤ በውስጡ ያለው ስስ ጎማ ሲቀደድ አየር ይስባል። ኢትዮጵያ በ2024 መጀመሪያ ላይ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪናዎች እንዳይገቡ ካገደች ወዲህ ያሉትን አሮጌ ሞተሮች ማቆየት የብዙ ሰው ጉዳይ ነው። በነገራችን ላይ ይህን ስጽፍ የተቸገርኩበት ነገር አለ፦ ካቻቢቴ፣ ፋሼታ፣ ዳዶ፣ ሚኒሞ ከጣሊያን የመጡ የጋራዥ ቃላት ናቸው፤ መካኒክ ሁሉ ይናገራቸዋል፣ የስልኬ የአማርኛ ማረሚያ ግን አንዱንም አላወቀም፣ ሁሉንም በቀይ አሰመረባቸው። መዝገበ ቃላት የምታዘጋጁ ካላችሁ ሥራው ክፍት ነው።

በ13ኛው ቀን አስተዳዳሪው ራሱ ጎንበስ ብሎ ካርቶኑን አየ። መኪናዋን አፍንጫዋን ወደ ቁልቁለት፣ ታንከሯን ሞልተን ነበር ያሳደርናት። ደረቅ ነው። ወረቀቱን ቀዶ ሄደ። የረጠቡትን ጨርቆች፣ ካርቶኑንና ሞተሩን ስናጥብ የሰበሰብነውን ፈሳሽ በሁለት ባልዲ ይዘን በሰሜን ሲያትል ስቶን ጎዳና ላይ የቤት አደገኛ ቆሻሻ ወደሚቀበለው ጣቢያ ወሰድን።

በማግስቱ አፍንጫዋን ወደ ዳገት አቁመን አሳደርናት። ጋሼ ጠዋት ካፖርታቸውን ደርበው ወጡ፣ አስነሷት፣ እጃቸውን መሪው ላይ ጥለው አንድ አምስት ደቂቃ አዳመጡ። አልተንገዳገደችም። መስኮቱን ዝቅ አደረጉና፣ «ቺንጊያዋ ትንሽ ላልታለች ልጄ፣ ቅዳሜ ና» አሉኝ።